በማን አቆጣጠር?

ናይሮቢ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ኪያማይኮ የፍየል ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ «ሳአ ሞጃ» ብሎ ቀጠረኝ። አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ውጭ አገር እስከሆነ ድረስ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው ብዬ፣ በእኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰውየው ፍየሎቹን ሸጦ ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ ሻይ እየጠጣ ነበር። «ራፊኪ፣ እኔ ያልኩህ ፀሐይ ወጣ ስትል ነው» አለኝ። ለካ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ነው! የገዛ አገሬን አቆጣጠር ሰው አገር አግኝቼው ሳላውቀው አለፍኩት። ቅጣቱም ስድስት ሰዓት መዘግየትና ባዶ እጅ መመለስ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓትም ይሁን ዓመት ሲነገረኝ «በማን አቆጣጠር?» ሳልል አልቀበልም። ውጭ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ቅጽ ላይ የትውልድ ዘመኑን ሲሞላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየደመረ ነውና። የሚገርመኝ ግን፣ በቀጠሮና በልደት ላይ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ጋዜጣ ላይ «የሰው ልጅ ታሪክ በዚህን ያህል መቶ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተገፋ» የሚል ዜና ስናይ ምንም ሳንጠይቅ ማጨብጨባችን ነው። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስብከቴን ከራሴ ልጀምር።

ምሁር አይደለሁም። ኪሊማኒ ሠፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። አባቴ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ሥጋ ቤት ነበራቸው፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ቢላ ይዤ ብልት ማውጣት የተማርኩት እዚያ ነው። ስለ አጥንት የማውቀው ከዚያ ሲሆን፣ ስለ ጥንት አጥንት ያነበብኩት ደግሞ እዚሁ ናይሮቢ ነው። ሙዚየሙ ቅርብ ነው፤ ደንበኞቼም አያስተኙኝም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከሞያሌ ጭነት ይዞ የመጣ ሾፌራችንና አንድ ኬንያዊ ባለታክሲ ጥሬ ሥጋና ቢራ ይዘው ተፋጠጡ። አንዱ «ሉሲ የኛ ናት፤ 3.2 ሚሊዮን» ይላል። ሌላው «ቱርካና ቦይ የኛ ነው፤ አጥንቱ ከሉሲ ይልቅ የተሟላ ነው» ይላል። ቁጥሩ እንደ ጎል ይቆጠር ጀመር። እኔ ደግሞ ቢላዬን እያበስኩ «ቁጥሩ ከምን ላይ ተነበበ?» አልኳቸው። ሁለቱም ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ ሾፌሩ «ከአጥንቱ ነዋ!» አለ። ባለታክሲውም ራሱን ነቀነቀ። ማታውን ሙሉ በምንም ነገር ሳይስማሙ የቆዩት ሰዎች በስህተቱ ላይ ተስማሙ።

የእነዚህ ቅሪተ አካላት ዕድሜ የተነበበው ከአጥንታቸው አይደለም። ይህን በዓይኔ አይቼ የተረዳሁት አምና የእህቴን ልጅ ይዤ ኦሎርጌሳይሊ የሄድኩ ጊዜ ነው።

ኦሎርጌሳይሊ የጥንት የድንጋይ መሣሪያ የሚገኝበት ቦታ ሲሆን፣ ከናይሮቢ በማጋዲ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦንጋታ ሮንጋይንና ኪሴሪያንን አልፎ የንጎንግን ኮረብቶች ሲሻገሩ ምድሩ ከእግር በታች ይከዳል። መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ የናይሮቢ ብርድ ኋላ ይቀራል፣ ግራር ይበዛል። ናዝሬትን አልፎ መተሐራ የወረደ ሰው ይህን ሙቀት ያውቀዋል፤ ያው አንድ ስምጥ ሸለቆ ነው። በዚህ ቦታ በ1942 የመሣሪያውን ክምችት ያገኙት የጥንት ሰው አጥኚዎቹ ባልና ሚስት ሜሪና ሉዊስ ሊኪ ናቸው። በ1943 ቁፋሮ ሲጀመር አካፋ ከያዙት ሠራተኞች መካከል የጣሊያን የጦር ምርኮኞች ነበሩበት። የሙሶሊኒ ወታደሮች ኢምፓየር ፍለጋ መጥተው መጨረሻቸው ድንጋይ መልቀም ሆነ።

ዛሬ እዚያ በእንጨት ድልድይ ላይ እየተራመዱ ቁልቁል ሲያዩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የድንጋይ የእጅ መጥረቢያዎች እንደተጣሉ ተኝተዋል። የእንባ ዘለላ ይመስላሉ፤ አንድ ወገናቸው ሹል፣ ሌላው ለመዳፍ የሚመች። ከአንድ መጠለያ ሥር የአንድ የጠፋ ዝሆን የእግር አጥንት ከዛሬው ዝሆን አጥንት ጎን ተቀምጧል። የዛሬው ዝሆን አጥንት ከዚያኛው አጠገብ የጥጃ ይመስላል። የእህቴ ልጅ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ጥያቄ አትፈራም። አንዱን መጥረቢያ እያሳየች «ይሄ ዕድሜው ስንት ነው?» አለችው አስጎብኚውን። ሰውየው ፈገግ ብሎ «የድንጋዩ ነው ወይስ የጠራቢው?» ሲል መለሰላት።

ይህ መልስ ከብዙ የጋዜጣ ገጽ ይበልጣል። አብዛኛው መጥረቢያ የተሠራው ከአጠገቡ ካለው ከኦሎርጌሳይሊ ተራራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ራሱን ብትለካው የሚነግርህ ተራራው ቀልጦ የፈሰሰበትን ዘመን ነው፤ ሰው አንስቶ የጠረበበትን ቀን አይነግርህም። አጥንቱን ልለካ ብትልም፣ በካርቦን 14 የሚቆጠረው ዘመን 50 ሺህ ዓመት ገደማ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ላረጀ አጥንት የሚለካ ካርቦን አይቀርም። ታዲያ ምኑ ይለካል?

አመዱ። በመሶብ የተደራረበ እንጀራ ሲታይ ከሥር ያለው አስቀድሞ የተጋገረው ነው። ምድርም እንዲሁ ናት፤ ከአካባቢው እሳተ ገሞራዎች በየዘመኑ የወረደው አመድ በጥንቱ ሐይቅ ዳር በነጫጭ ንብርብር ተኝቷል። መጥረቢያው ከአመዱ በታች ከተገኘ ከአመዱ ይቀድማል፤ ከአመዱ በላይ ከተገኘ ይከተላል። በሁለት አመድ መካከል ከተገኘ ደግሞ ዘመኑ በሁለቱ መካከል ነው።

የአመዱ ዕድሜ የሚታወቀው በውስጡ ባሉት የማዕድን ቅንጣቶች ነው። በቅንጣቶቹ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው፣ በዝግታ እየፈረሰ በከፊል ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ግማሹ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈልጋል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ቅንጣቱ የያዘው ጋዝ፣ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት እንፋሎት፣ ወጥቶ ያልቃል። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይገጠማል፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የተጠራቀመውን ጋዝ የለካ ሰው ፍንዳታው መቼ እንደነበር ያውቃል።

ይህ በወሬ ቀላል ነው። በ1960ዎቹ የኦሎርጌሳይሊ ዕድሜ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይባል ነበር። በ1990 አለን ዲኖና ሪክ ፖትስ በአዲስ ዘዴ ለክተው ያሳተሙት ግን የታችኛውን አመድ አንድ ሚሊዮን ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው፣ የላይኛውን 490 ሺህ ገደማ አድርጎታል። ልዩነቱን በእህል ላስረዳ። የድሮው ዘዴ አንድ እፍኝ አመድ በአንድ ላይ አቅልጦ ይለካ ነበር። በእፍኙ ውስጥ ከሌላ ቦታ በጎርፍ የገባ አሮጌ ቅንጣት፣ ወይም ዝናብ በልቶት ጋዙ ያመለጠ ቅንጣት ካለ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ አንድ ሐሰተኛ ቁጥር ይወጣል። አዲሱ ዘዴ በጨረር አንዷን ቅንጣት ለብቻዋ ያቀልጣል። ጎበዝ እህል ነጋዴ እፍኙን አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ ፍሬዋን ለብቻዋ በጥርሱ ነክሶ ነው የሚፈርደው።

የዕድሜው ነገር ይህ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላው ነው፤ መሣሪያውና የጠፋው እንስሳ አንድ ቦታ መገኘታቸው ምን ያረጋግጣል?

ከምግብ ቤቴ ጀርባ የዝናብ ውኃ መሄጃ ቦይ አለ። በሚያዝያ ዝናብ ሠፈሩ ሁሉ የጣለው እዚያ ይሰበሰባል። አንድ ጊዜ ስጠርገው የበሬ ቅልጥም፣ እጀታው የተሰበረ ቢላ፣ የሞተ ድመትና የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ላይ አወጣሁ። ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚቆፍረኝ ሰው «ሰውየው በዚህ ቢላ ድመት አርዶ ይበላ ነበር» ቢል እንዴት ባለ ስም ማጥፋት ይሆናል! አንድ ላይ መገኘት አንድ ላይ መብላት አይደለም።

ኦሎርጌሳይሊ ላይ የተነሳው ትልቁ ክርክር ይኸው የቦይ ክርክር ነበር። በ1960ዎቹ ግሊን አይዛክ በቆፈረው አንድ ቦታ፣ ከብዙ መጥረቢያ ጋር በደርዘን የሚቆጠሩ የግዙፍ ዝንጀሮ አጥንቶች ተገኙ። ዝንጀሮው ዛሬ የለም፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቴሮፒቴከስ ኦስዋልዲ ነው። በሕይወት የተረፈው የቅርብ ዘመዱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በስሜን ተራሮች ሣር ሲነጭ የምናውቀው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ጭላዳ ነው። ሰዎች መንጋውን አድነው ፈጁት ያሉ ነበሩ፤ ድንጋዩንም አጥንቱንም የሰበሰበው ወራጅ ውኃ ነው ያሉም ነበሩ። በ1981 ፓት ሺፕማንና ባልደረቦቿ የአጥንቶቹን አሰባበር መርምረው ዝንጀሮዎቹን ሰዎች እንደበሏቸው ጻፉ። ክርክሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። ልብ በሉ፤ አመዱ ዘመኑን ይነግራል እንጂ ማን ማንን እንደበላ አይነግርም።

ያንን የሚናገረው አጥንቱ ላይ ያለው ጭረት ነው። እዚህ ላይ እንኳ ትንሽ እውቀት አለኝ። አባቴ «ቢላህ አጥንት ከነካ ተሳስተሃል» ይሉኝ ነበር። ጥሩ ቆራጭ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ጅማቱን ይበጥሳል፤ አጥንቱን አይጭርም። ቢላ ስቶ ሲያርፍ ጠባብና ሹል ቦይ ይተዋል። ውሻ ወይም ጅብ ሲያኝክ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ከብት የረገጠው አጥንት ደግሞ አሸዋ እየፋቀው ወዲያና ወዲህ ይጫጫራል። የተጣለ አጥንት አንስቼ ቢላና ውሻ ማን ቀድሞ እንደነካው መለየት እችላለሁ፤ የጥርሱ ምልክት በቢላው ላይ ካረፈ ውሻው ትርፍራፊ ነው ያገኘው።

ይህ ጨዋታ የሚመስለው ጉዳይ ምን ያህል እንደሚከብድ ዲቂቃ አሳይቷል። በ2010 የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አፋር ውስጥ ዲቂቃ ላይ ያገኛቸው ሁለት አጥንቶች፣ ላም የሚያህል እንስሳ ጎድንና ፍየል የሚያህል እንስሳ ጭን፣ የድንጋይ ስለት ምልክት አለባቸው ተባለ። ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዘመኑ ላይ ብዙ ጠብ አልነበረም፤ ጠቡ በጭረቱ ላይ ነበር። አንዳንዶች የእንስሳ ኮቴ ነው አሉ። በ2017 ዮናታን ሣህሌና ባልደረቦቹ ደግሞ የአዞ ጥርስ ከቢላ የማይለይ ምልክት ሊተው እንደሚችል አሳዩ። ሁለቱም ወገን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አሉበት። የእኛ ጋዜጦች የመጀመሪያውን ዜና በትልቁ አተሙ፤ የአዞውን ግን ከደንበኞቼ አንድም የሰማ አላገኘሁም።

እንግዲህ ወደ ሾፌሩና ባለታክሲው ልመለስ። ኬንያና ኢትዮጵያ በቁጥር ከሚፎካከሩ ይልቅ አንዳቸው የአንዳቸውን ቁጥር እንዴት እንዳረሙ ቢያውቁ ኖሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ በሰላም ይበሉ ነበር።

በ1969 ኬይ ቤረንስማየር የተባለች የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ያኔ ሩዶልፍ በሚባለው በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ፣ በአመድ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያ አገኘች። አመዱም በስሟ ፊደላት ኬቢኤስ ተባለ። ወደ ካምብሪጅ ተልኮ ሲለካ የመጀመሪያው ውጤት ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆነ፤ የዳይኖሰር ዘመን ማለት ነው! አሮጌ ቅንጣት ተቀላቅሎበት ነበር። የተሻለ ናሙና ተልኮ 2.6 ሚሊዮን ተባለ። በ1972 ኬንያዊው በርናርድ ንጌኔዮ ከዚያ አመድ በታች የራስ ቅል ስብርባሪ አየ፤ 1470 በሚል ቁጥሩ ዓለም ያወቀው ቅል ነው። ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት አመድ ሥር ከሆነ ቅሉ ሦስት ሚሊዮን ሊሞላ ነው ተባለ። ናይሮቢም ቀዳሚነቱን ያዘች።

ችግሩን ያመጡት አሳማዎች ናቸው። ከሐይቁ በስተሰሜን፣ በእኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ሹንጉራ ላይ በአመድ ላይ አመድ ተደራርቦ፣ በየንብርብሩ የጠፉ የዱር አሳማዎች ጥርስ ተገኝቷል። ከዘመን ዘመን የአንዱ ዝርያ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ እየረዘመ ሄዷል፤ ስለዚህ የጥርሱን ርዝመት የለካ ሰው ዘመኑን መገመት ይችላል። ባዝል ኩክ የተባሉት ምሁር ሲያስተያዩት፣ ኬንያ ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ከተባለው አመድ ሥር የወጣው አሳማ፣ ኦሞ ላይ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው አሳማ ጋር አንድ ሆነ። ወይ አሳማው ወይ አመዱ ይዋሻል። ብዙ ዓመት ተጨቃጨቁ። በ1975 በርክሌይ የሚገኘው የጋርኒስ ከርቲስ ቤተ ሙከራ 1.8 እና 1.6 ሚሊዮን የሚሉ ቁጥሮችን አወጣ። በ1979 ደግሞ ቱሬ ሰርሊንግ፣ ፍራንክ ብራውንና ባልደረቦቻቸው የአመዱን ኬሚካዊ አሻራ መርምረው የኬንያው ኬቢኤስ ከኦሞው አመድ ጋር አንድ ፍንዳታ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ካንቤራ ላይ ኢያን ማክዱጋል 1.88 ሚሊዮን ብሎ ዘጋው። ሰባት መቶ ሺህ ዓመት ገደማ ተቀነሰ።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በማይበላበት አገራችን፣ የዓለምን ትልቅ የሳይንስ ክርክር የፈታው የኢትዮጵያ አሳማ ነው ብል ደንበኞቼ ይስቃሉ። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ውለታው በአንድ ወገን ብቻ አልቀረም። በ1967 ኦሞ ኪቢሽ ላይ የዛሬው ዓይነት ሰው አጥንት ያገኘው ኬንያዊው ካሞያ ኪሜዩ ነው። ያኔ በአካባቢው የቀንድ አውጣ ዘመድ ዛጎል ተለክቶ 130 ሺህ ዓመት ተባለ። በ2005 ማክዱጋል፣ ብራውንና ጆን ፍሊግል ወደ 195 ሺህ አሳደጉት። በ2022 ሴሊን ቪዳልና ባልደረቦቿ፣ ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ምሁር አስፋወሰን አስራትም ያሉበት ቡድን፣ ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑን አረጋገጠ። ሻላ ከኪቢሽ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ላንጋኖ ለመዝናናት ስትሄዱ ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ ያለው ሻላ ነው! የፍንዳታው ዘመን 233 ሺህ ዓመት፣ ከ22 ሺህ ዓመት መደመር ወይም መቀነስ ጋር ሆነ። አጥንቱ ከአመዱ በታች ስለሆነ ቢያንስ የዚያን ያህል ያረጃል። «ቢያንስ» የምትለዋን ቃልና ያቺን 22 ሺህ ያነበበ ስንቱ ነው?

ለናይሮቢ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ቦታም አለ። በሞምባሳ መንገድ አቲ ሪቨርን ሲያልፉ የሚታየው ሉኬኒያ ኮረብታ፣ ቅዳሜና እሑድ ወጣቶች በገመድ ገደል የሚወጡበት ነው። ከድንጋዩ ጥላ ሥር ከሰው መሣሪያ ጋር ብዙ አጥንቱ የወጣው አንድ አነስተኛ የቆርኬ ዘመድ ነው፤ ከምድር ስለጠፋ ሳይንሳዊ ስም እንኳ ያገኘው በ2012 ነው። እዚህ ዘመኑ ቅርብ ስለሆነ ካርቦን 14 ይሠራል። ያረጀ አጥንት ግን ከከርሰ ምድር ውኃ አዲስ ካርቦን ስለሚጠጣ ይዋሻል። የማይጠጣው የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት የሚኖረውን የሰጎን እንቁላል ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በ2015 ክርስቲያን ትራየንና ባልደረቦቹ በ26 የቅርፊት ልኬት የኮረብታውን ዘመን ሠርተው፣ እዚያ የተገኘው የራስ ቅል 23 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የታችኛው ንብርብር ደግሞ ከ46 ሺህ በላይ መሆኑን አሳተሙ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ፍርድ ስላለበት ነው። ግዙፎቹን እንስሳት ማን ጨረሳቸው? ሰው ነው የሚሉ አሉ። በ2018 ታይለር ፌዝና ባልደረቦቹ የምሥራቅ አፍሪካን መዝገብ አገላብጠው፣ የግዙፎቹ ሣር በሎችና ቅጠል በሎች መመናመን የጀመረው ከ4.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ማንም ቢላ ከመያዙ አስቀድሞ መሆኑን ጻፉ። ቀኑ ካልተስተካከለ ተከሳሹ በማይገባው ወንጀል ይፈረድበታል። ፍርድ ቤትም ቢሆን «ወንጀሉ ሲፈጸም የት ነበርክ?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

«ቁጥሩ በየጊዜው ከተቀያየረ ሁሉም ውሸት ነው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉኝ። እኔ ግን የምፈራው የማይቀየረውን ቁጥር ነው። በየወሩ ሚዛኑን የሚያስመረምር ሥጋ ነጋዴ ሐቀኛ ነው፤ ከተተከለበት ጊዜ ጀምሮ ያልተነካ ሚዛን ያለው ነጋዴ ዘንድ አልገዛም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ በአማርኛ የሚጽፉ ጋዜጠኞቻችን ዕድሜ ሲጠቅሱ ምን ተለክቶ እንደተገኘ፣ የተለካው ከአጥንቱ በላይ ይሁን በታች፣ የመደመርና የመቀነስ ልዩነቱን ጨምረው ይጻፉ። ሦስት ተጨማሪ መስመር አይፈጅም። ሁለተኛ፣ «የዓለም ቀዳሚ» ብለን ያተምነውን ዜና ሌላ ጥናት ሲሞግተው፣ ሙግቱንም በዚያው ገጽ እናትም። አዞውም ይሰማ።

ሦስተኛው የመንግሥታት ጉዳይ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ቤተ ሙከራዎች መለስ ብላችሁ እዩ፤ ካምብሪጅ፣ በርክሌይ፣ ካንቤራ። አመዱ የእኛ፣ አጥንቱ የእኛ፣ ያገኙት ዓይኖች የንጌኔዮና የኪሜዩ፤ ሰዓቱን የሚያነበው ግን ባሕር ማዶ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግተው፣ ከ2022 ጀምሮ የእኛ ኃይል ናይሮቢ ይገባል። መስመሩ የሚያበቃበት ሱስዋ ራሱ እሳተ ገሞራ ነው! ይህን የሠሩ ሁለት አገሮች አንድ የጋራ የዘመን መለኪያ ቤተ ሙከራ ማቋቋምና የአዲስ አበባንና የናይሮቢን ወጣቶች ጎን ለጎን ማሠልጠን አያቅታቸውም። አመዱ ሲወርድ ድንበር አልጠየቀም።

ለአንባቢ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ «ሚሊዮን ዓመት» የሚል ርዕስ ስታነቡ ከማጨብጨባችሁ በፊት በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን ያላተመ ጋዜጣ ካለ፣ ይህንኑ ጋዜጣ ጨምሮ፣ ደብዳቤ ጻፉለት።